ክላሽ የያዘ ሰው በዘመናዊ ሠራዊት ፊት

ጥያቄ፦ «ከወንድሜ ጋር በአንድ ነገር ሳንግባባ ወር አለፈን። እሱ ሕዝብ መሣሪያ ከያዘ የትኛውም መንግሥት ሠራዊት ሊያዘምትበት አይደፍርም ይላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያለ ይተርትብኛል። እኔ ደግሞ ያ ዘመን አልፏል ባይ ነኝ። ድሮን፣ ታንክና ተዋጊ ጄት ባለበት ዘመን ግለሰብ ጉንዳን ነው፤ ጫማው ካረፈበት አለቀ። ማናችን ነን ትክክል? ለመሆኑ በተራ ሰውና በዘመናዊ ሠራዊት መካከል የኃይል ሚዛን የሚባል ነገር አለ?»

ምላሽ፦

ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። የሚገርመው፣ የሳታችሁት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለታችሁም መሣሪያን ከመሣሪያ ጋር ታወዳድራላችሁ። ወንድምዎ ጠመንጃ ቆጥሮ ይደፍራል፤ እርስዎ ታንክ ቆጥረው ይፈራሉ። ሚዛኑ በመሣሪያ ቆጠራ አይገኝም። የጦርነት ታሪክ ሳስተምር ይህ ክርክር ሳይነሳ ያለፈ ዓመት ትዝ አይለኝም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በወንድምዎ ልጀምር። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለ የጥናት ተቋም፣ በ2017 በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ጠመንጃና ሽጉጥ እንዳለ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ 857 ሚሊዮኑ በሲቪሎች እጅ ነው። የዓለም ሠራዊቶች ሁሉ ተደምረው ያላቸው 133 ሚሊዮን ነው። ሲቪሉ ከስድስት እጥፍ በላይ ታጥቋል ማለት ነው። ጠመንጃ ሚዛን የሚደፋ ቢሆን ኖሮ ሠራዊቶች ሲቪል ባዩ ቁጥር ይሸበሩ ነበር። አይሸበሩም።

ምክንያቱም የሠራዊት ጉልበት ያለው ከጠመንጃው ጀርባ ነው። ክላሽ የያዘ ሰው አነጣጥሮ የሚመታው ቢበዛ እስከ 400 ሜትር ነው። 155 ሚሊ ሜትር መድፍ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይተኩሳል፤ ተኳሹ የሚመታውን ሰው መልክ አያይም። ሪፐር የተባለው የአሜሪካ ድሮን 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ ወጥቶ 27 ሰዓት ያህል አየር ላይ መቆየት ይችላል። መድፉ ደግሞ ጥይት የሚያመላልስ መኪና አለው፤ መኪናው ነዳጅ አለው፤ ነዳጁ መጋዘን አለው፤ መጋዘኑ በጀት አለው። የቆሰለ ወታደር ሐኪም ያገኛል። የደከመ ክፍል በሌላ ይተካል። ክላሽ የያዘው ሰው ግን ጥይቱ ሲያልቅ አበቃ። ሲቆስል የሚሸከመው ጎረቤቱ ነው። ሲርበው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፊት ለፊት ግጥሚያውን በተመለከተ፣ እርስዎ ልክ ነዎት።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬ ለአደን የሚይዘውና ወታደር የሚታጠቀው ጠመንጃ ያን ያህል አይራራቁም ነበር። በአሜሪካ አብዮት ጊዜ የገበሬ ሚሊሻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መታኮስ የቻለው ለዚህ ነው። (ያም ሆኖ በ1781 ዮርክታውን ላይ ወሳኙ ድል የተገኘው የፈረንሳይ ጦርና የፈረንሳይ መርከቦች ስለተሰለፉ ነው። ይህችን ሳይዘል የሚተርክ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም።) ክፍተቱ የሰፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ባቡር መጣ፣ ቴሌግራፍ መጣ፣ በ1884 የማክሲም መትረየስ መጣ። በ1898 ሱዳን ውስጥ ኦምዱርማን ላይ 50 ሺህ ገደማ የማህዲስት ተዋጊዎች የእንግሊዝና የግብፅን ጦር ገጠሙ። በአንድ ጠዋት 10 ሺህ ያህሉ አለቁ። ከወዲያኛው ወገን የሞቱት 50 አይሞሉም። ቁጥርም ድፍረትም አልጎደላቸውም ነበር።

እንደ ወንድምዎ ለሚያስቡ ተማሪዎቼ ግን የምነግራቸው ሌላ ታሪክ ነው። በ1921 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ብሌር ማውንቴን በተባለ ተራራ ላይ መሣሪያ አነሱ። 10 ሺህ ያህል ነበሩ። ብዙዎቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ናቸው። ተኩስ ያውቃሉ፣ ምሽግ ያውቃሉ፣ አገሩን ያውቁታል። ፊት ለፊታቸው የቆሙት የአካባቢው ሸሪፍ (የፖሊስ አለቃ) ያሰባሰባቸው፣ የከሰል ኩባንያዎች የሚደጉሟቸው ታጣቂዎች ነበሩ። ለቀናት ተታኮሱ። የሸሪፉ ወገን ከግል አውሮፕላን ቦምብ እስከ መጣል ደረሰ። ሠራተኞቹ አልተበገሩም።

ከዚያ የፌዴራሉ ጦር መጣ። ውጊያውም ቆመ። አንዳንዱ ጠመንጃውን አስረከበ፤ ሌላው ጫካ ውስጥ ሸሽጎ ወደ ቤቱ ሄደ። ነገሩ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ጠባቸው ከኩባንያዎቹና ከሸሪፉ ጋር ነበር። ትናንት እነሱ የለበሱትን ዩኒፎርም በለበሰ ልጅ ላይ መተኮስ አልፈለጉም። ከዚያ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተከሰሱ፤ የሠራተኛ ማኅበራቸውም ለዓመታት ተሽመደመደ። ጠመንጃቸው የአካባቢ ጉልበተኛን መክቷል፤ ይህን አልክድም። ሠራዊትን ግን ለአንድ ቀን እንኳ አላቆመም።

ወንድምዎ አሁን «ቬትናምስ? አፍጋኒስታንስ?» ማለታቸው አይቀርም። ሁሉም ይላል። ሁለቱም ግን የግለሰብ ድል ምሳሌ አይደሉም። ሰሜን ቬትናም መንግሥት ነበረች። መደበኛ ሠራዊት፣ አየር መከላከያ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከቻይና የሚገባ የጦር መሣሪያ ነበራት። ከዚያ በፊት በ1954 ዲየን ቢየን ፉ ላይ ፈረንሳዮችን ያሸነፈው ጦርም ከባድ መድፍ እየጎተተ ተራራ ላይ ያወጣ የተደራጀ ጦር ነው። ሶቪየትን የተዋጉት የአፍጋን ሙጃሂዲኖችም ከ1986 ጀምሮ ስቲንገር የተባለውን ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ከአሜሪካ ያገኙ ነበር፤ ሲደክማቸው ድንበር ተሻግረው ፓኪስታን ያርፋሉ። የውጭ አቅራቢ፣ የማይነካ ደጀንና የዓመታት ትዕግሥት ካልተገናኙ ሽምቅ ተዋጊ ብዙ አይራመድም።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። አሜሪካም ሶቪየትም ከነዚያ አገሮች ወጥተው የሚሄዱበት ቤት ነበራቸው። ጦርነቱ ሲሰለቻቸው ሄዱ። የገዛ አገሩን ሕዝብ የሚወጋ መንግሥት የሚሄድበት የለውም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይዋጋል። የስሪላንካን አማፂዎች፣ ታሚል ታይገሮችን ያስታውሱ። ከ25 ዓመት በላይ ተዋጉ። የራሳቸው የባሕር ኃይል ነበራቸው፤ ትናንሽ አውሮፕላኖችም ነበሯቸው። በ2009 ተደመሰሱ። መካከል ላይ የተያዘው ሲቪል ደግሞ በብዙ ሺዎች አለቀ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፤ የእርስዎ ስህተት ይብሳል ብዬ አስባለሁና። ጉንዳንና ጫማ ብለዋል። ጫማው ሰው የለበትም? ሠራዊት ማለት ራሱ የግለሰቦች ክምር ነው። አንድ ታንክ ከ60 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ኤብራምስ የተባለው የአሜሪካ ታንክ ነዳጁን ሲሞላ 1,900 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ያንን ነዳጅ ጨርሶ የሚሄደው ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ቦቴ የሚነዳ ሰው ያስፈልገዋል። የተበላሸውን የሚጠግን፣ ትእዛዙን በሬዲዮ የሚያስተላልፍ፣ ደሞዝ የሚከፍል ሰው ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ሰው እሺ ማለት አለበት። የወንድምዎን ተረት ብንወስደው፣ አንበሳው ራሱ ከድር የተሠራ ነው።

ድሩ ሲበጠስ ምን እንደሚመስል ለማየት ያኔ የሩሲያ ዋና ከተማ የነበረችውን ፔትሮግራድን ያስቡ። ማርች 11 ቀን 1917 የቮሊንስኪ ሬጅመንት ማሠልጠኛ ክፍል ሰልፈኛ ላይ ተኩሶ ብዙ ሰው ገደለ። ማታ ወታደሮቹ ሰፈራቸው ገብተው እንቅልፍ አጡ። ኪርፒችኒኮቭ የሚባል ሳጅንና ጓደኞቹ ነገ አንወጣም ብለው ተማከሩ። ጠዋት አዛዣቸው ሲመጣ አንታዘዝም አሉት፤ እሱም ተገደለ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ሰፈሮች ሄደው ሌሎቹን ጠሩ። በዚያው ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ከሕዝቡ ጋር ቆመ። በሳምንቱ ውስጥ የ300 ዓመቱ የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት አበቃ። ሕዝቡ ከሠራዊቱ የበለጠ መሣሪያ ስለነበረው አይደለም። አንድ ሳጅን ሌሊቱን ሲያስብ ስላደረ ነው።

ይህ የሩሲያ ብቻ ጉድ አይደለም። በፊሊፒንስ በ1986 ኤድሳ የተባለውን አውራ ጎዳና የሞላው ሕዝብ ታንክ ፊት ተቀመጠ። መነኮሳት መቁጠሪያ ይዘው ተንበረከኩ። የባሕር ወለድ ወታደሮቹ መተኮስ አቃታቸው፤ በአራት ቀን ፕሬዚዳንቱ ማርኮስ አገር ለቀቀ። ግን እዚህም የሚዘለል ነገር አለ። መነሻው የመከላከያ ሚኒስትሩ ኤንሪሌና ምክትል ኤታማዦር ሹሙ ራሞስ መክዳታቸው ነው። ሕዝቡ የወጣው እነሱን ሊከልል ነው። በ1991 ሞስኮ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከርም የአልፋ ልዩ ኃይል አባላት የሩሲያን ፓርላማ እንዲይዙ ሲታዘዙ እምቢ አሉ። መፈንቅለ መንግሥቱ በሦስተኛው ቀን ፈረሰ።

እባክዎ ይህን ሰምተው «እንግዲያው ሕዝብ አደባባይ ከወጣ ወታደር አይተኩስም» ብለው እንዳይደመድሙ። ይተኩሳል። በ1989 ቤጂንግ ውስጥ የ38ኛው ጦር አዛዥ ሹ ቺንሺያን ወታደሮቼን በሰልፈኞች ላይ አላዘምትም አለ። እሱ ታሰረ፤ ሌላ አዛዥ ተተካ፤ ከሩቅ ግዛቶችም ጦር መጣ። ጁን 4 ሲነጋ ጦሩ ሰልፈኛውን በጥይት መፍጀቱን ዓለም ያውቃል። በሶሪያም ከ2011 በኋላ ብዙ ወታደር ከድቷል፤ ዋናዎቹ ክፍሎች ግን ከገዢው ከአሳድ ቤተሰብ ጋር በዝምድናና በእምነት የተሳሰሩ አዛዦች ስለነበሯቸው እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ አልፈረሱም። ገዢዎች ይህን ትምህርት ጠንቅቀው ያውቃሉ። ለዚህም ነው የክብር ዘብ የሚያቋቁሙት፤ ለዚህም ነው ወታደሩን ቋንቋውን ወደማያውቅበት ቦታ የሚልኩት፤ ለዚህም ነው ከዘመቻ በፊት ዜና የሚያቋርጡበት። ወታደሩ ሰልፈኛው ውስጥ እናቱን የሚመስል ሰው እንዳያይ ነው።

ቁጥር ከፈለጉ፣ ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፋን የተባሉ አጥኚዎች ከ1900 እስከ 2006 የተደረጉ 323 የሕዝብ ትግል ዘመቻዎችን መዝነዋል። መሣሪያ ካልያዙት ዘመቻዎች 53 በመቶው ግቡን መታ። መሣሪያ ከያዙት 26 በመቶው ብቻ። ምክንያቱ የመልካም ሰው ዕድል አይደለም። መሣሪያ የሌለበት ሰልፍ ላይ አሮጊትም፣ የባንክ ሠራተኛም፣ የኮሎኔሉ ልጅም መውጣት ይችላል፤ ተሳታፊው በበዛ ቁጥር ወታደሩ የሚያውቀው ሰው እዚያ ውስጥ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል። ጠመንጃ ሲገባ ደግሞ ወታደሩ ለነፍሱ ይሠጋል፤ የሚሠጋ ወታደር ከአዛዡ ጋር ይጣበቃል። ነገር ግን 53 በመቶ ማለት ግማሽ ያህሉ ከሸፈ ማለትም ነው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ሰላማዊው ዘመቻ የሚሳካበት መጠን ወደ አንድ ሦስተኛ ወርዷል፤ የታጠቀው ከ10 በመቶ በታች ገብቷል። መንግሥታት እየተማሩ ነው።

ስለ ድሮን የጠየቁት ለብቻው መልስ ይገባዋል። ወንድምዎ ብልህ ከሆኑ «ድሮንማ አሁን ተራ ሰውም ይገዛዋል» ሊሉዎት ይችላሉ። ከፊል እውነት ነው። በዩክሬን ጦርነት ጥቂት መቶ ዶላር የሚያወጣ ትንሽ ድሮን ሚሊዮኖች የወጡበትን ታንክ ሲያቃጥል ታይቷል። ይህ ግን ለግለሰብ የመጣ ሲሳይ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ድሮኖቹን በገፍ የሚያመርቱት፣ ኦፕሬተር የሚያሠለጥኑት፣ የጠላትን ሬዲዮ የሚያፍኑት መንግሥታት ናቸው። በጁን 2025 በጭነት መኪና ተደብቀው የሩሲያን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የመቱት 117 ድሮኖች የዩክሬን የጸጥታ መሥሪያ ቤት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ የደከመባቸው ናቸው። በማያንማርም ከ2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ወጣቶች በራሳቸው በገጣጠሙት ድሮን ሠራዊቱን አስጨንቀዋል። በ2023 መጨረሻ ትልልቆቹን ድሎች ያስገኙት ግን ለዓመታት የተደራጁ የብሔረሰብ ጦሮች ናቸው። ሠራዊቱም ብዙ ሳይቆይ ድሮን ገዝቶ በተራው ያዘንብ ጀመር።

እኔን የሚያሳስበኝ የድሮን ሌላ ገጽታው ነው። በአማርኛ «ሰው አልባ አውሮፕላን» እንላለን። ስሙ ያታልላል። ለአንድ ሪፐር አብራሪ፣ ካሜራ ተቆጣጣሪ፣ ጠጋኝ፣ ምስል ተንታኝና አዛዥ ያስፈልጋሉ፤ ሁሉም ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም እምቢ ማለት ይችላሉ። ዒላማውን ራሱ መርጦ የሚተኩስ መሣሪያ ሲስፋፋ ግን እሺ ማለት ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ይቀንሳል። እንቅልፍ የሚያጣ ሳጅን አይኖርም። በግለሰብና በሠራዊት መካከል ያለው ሚዛን በእውነት የሚዛባው ያኔ ነው። ከጄት ፍጥነትና ከቦምብ ክብደት በላይ እኔ ይህን እፈራለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል፤ ክርክር ላይ ቀላል መስሎ የሚታይ ነገር ስለሆነ። መሣሪያ አንስቶ በውጊያ በቀጥታ የሚሳተፍ ሲቪል፣ በተሳተፈበት ጊዜ ሁሉ ሕጉ ለሲቪል የሚሰጠውን ከጥቃት ጥበቃ ያጣል። ይህ ለጄኔቫ ስምምነቶች በ1977 በተጨመሩት ፕሮቶኮሎች ላይ በግልጽ የተጻፈ ነው። በእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ የተማረከ ታጣቂ የጦር እስረኛ የመባል መብት የለውም፤ በአገሩ ሕግ ሊከሰስ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው የጎረቤቱ ዕጣ ነው። ከአንድ መስኮት የተተኮሰ ጥይት መንደሩን በሙሉ የመድፍ ዒላማ ሊያደርግ ይችላል፤ መንደሩን አማክሮ የሚተኩስ ደግሞ ብዙ የለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። የሠራዊትን ጉልበት መገደብ የሚፈልግ ሰው ጉልበቱን በሰላም ጊዜ፣ በትእዛዝ ሰንሰለቱና በበጀቱ ላይ ያውለው። እንግሊዞች በ1689 በሰላም ጊዜ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ቋሚ ጦር ማቆም ሕገ ወጥ ነው ብለው ደነገጉ። ገንዘቡን የያዘ ጦሩን ይይዛል የሚል ስሌት ነው፤ ከማንኛውም የጓሮ ጠመንጃ የበለጠ ሠርቷል። ጀርመኖች ከሂትለር ሠራዊት የተማሩትን በ1956 በወታደሮች ሕጋቸው ውስጥ አስገቡ። ሰብዓዊ ክብርን የሚጥስ ትእዛዝ ያልፈጸመ ወታደር አላመፀም፤ ወንጀል የሚያስፈጽም ትእዛዝ ደግሞ ጭራሽ መፈጸም የለበትም። ፓርላማቸውም ወታደሩ በቀጥታ አቤት የሚልበት ኮሚሽነር አለው። ኮስታ ሪካ ሌላ መንገድ ሄደች፤ በ1948 ሠራዊቷን አፈረሰች። ያ ለሁሉም አይሆንም፤ ጎረቤቱ የሚያስፈራው አገር አያደርገውም።

የእነዚህም ገደብ ይታወቅ። ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ ካለ፣ ፍርድ ቤቱ ለአዛዡ የሚያጎበድድ ከሆነ፣ ጋዜጠኛ ስለ ጦር በጀት መጻፍ የማይችል ከሆነ ሳጅኑ እምቢ ሲል ብቻውን ነው። የሹ ቺንሺያን ዕጣ ይደርሰዋል። ሥራው ዘገምተኛ ነው፤ እንደ ጠመንጃ እጅ ላይ አይሞቅም።

በሚቀጥለው ስትከራከሩ አንድ ሠራዊት ምረጡና ጠመንጃውንም ታንኩንም ሳትቆጥሩ ጠይቁ። በጀቱን የሚያጸድቀውና የሚመረምረው ማን ነው? ሕገ ወጥ ትእዛዝ አልፈጽምም ያለ ወታደር ምን ይደርስበታል? ወታደሩና መኮንኑስ የሚመለመለው ከመላው ሕዝብ ነው ወይስ ከአንድ ወገን? እዚያ አገር ያለ ተራ ሰው በሠራዊቱ ፊት ምን ያህል አቅም እንዳለው ከነዚህ መልሶች ትደርሱበታላችሁ። መሣሪያ አንስቶ ሠራዊትን መግጠምን ግን ከአማራጮቹ ውስጥ ሰርዙት።